የምጣድ ሰዓትና የጋራ ኃላፊነታችን

የአንድ ኅብረተሰብ የዕድገት ደረጃ ከሚለካባቸው መመዘኛዎች አንዱ ኅብረተሰቡ የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል መጠን መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ መጠኑ ብቻውን የሚናገረው የእውነቱን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያ ኃይል በማን፣ ለምን ተግባርና በየትኛው ሰዓት ሥራ ላይ እንደሚውል የሚመለከት ሲሆን፣ በዚህ ረገድ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የምንኖር ወዝ አደሮችና የከተማ ነዋሪዎች እስካሁን በቂ ውይይት አድርገናል ለማለት አያስደፍርም። ስለ መብራት መጥፋት በየቤቱ፣ በየእድሩና በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ተብሏል። ኃይሉን ስለምንጠቀምበት ሰዓት ግን የተባለው እጅግ ጥቂት ነው።

የምንናገርበት ቋንቋ ራሱ የግንዛቤያችንን ደረጃ ያጋልጣል። «መብራት ሄደ» እንላለን፤ «መብራት መጣ» ብለንም በደስታ እንጮሃለን። በፈለገው ጊዜ እንደሚገባና እንደሚወጣ እንግዳ፣ እኛ እንደማንሠራውና እኛም እንደማናጎድለው ነገር አድርገን ነው የምንመለከተው። ከዚህም በላይ የኤሌክትሪክ ኃይልን በጠቅላላ «መብራት» ብለን መጥራታችን ሳያሳስተን አልቀረም። ዛሬ በብዙ ቤት የሚበራው አምፖል ዘጠኝ ዋት ያህል የሚወስድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። በአማካይ 3.5 ኪሎዋት ብንለው፣ አንድ ምጣድ ወደ አራት መቶ ከሚጠጉ አምፖሎች ጋር የሚተካከል ኃይል ይስባል ማለት ነው። እንግዲህ ልጁን «አምፖሉን አጥፋ» ብሎ የሚቆጣና ምጣዱን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሚሰካ ቤተሰብ ቁጠባን የጀመረው ከትንሹ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ለነዋሪው መከፋፈላቸው ይታወሳል፤ ተግባሩም የሚመሰገን ነበር። ምጣዱና ምድጃው ግን በቦታቸው ናቸው።

ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ በጎተራ አይከማችም። በአንዲት ደቂቃ ውስጥ የሚፈለገው ኃይል በዚያችው ደቂቃ መመንጨት አለበት። ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ የበለጠ እንደሆነ በሴኮንድ 50 የሆነው የመረቡ ምት ይወርዳል፤ መከላከያ መሣሪያዎችም አደጋው ወደ መላው አገር ሳይዛመት መስመር ይቆርጣሉ። ስለዚህ የኃይል ማመንጫው፣ የማስተላለፊያው መስመርና በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ሁሉ የሚሠሩት ለቀኑ አማካይ ፍላጎት ሳይሆን ለዚያች ለከፋችው ሰዓት ነው። በአገራችን ያች ሰዓት ምሽት ናት። ሠራተኛው ከሥራ፣ ተማሪው ከትምህርት ቤት ይገባል፤ መብራቱ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ወጡ ይጣዳል፣ ምጣዱ ይሰካል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የዚያ ሁሉ ሽቦና ብረት ትልቁ ክፍል ያለ ሥራ ያድራል።

ለኤሌክትሪክ ጎተራ የለውም ስንል ግን አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። በኢትዮጵያ ከሚመነጨው ኃይል ከዘጠና በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ በመሆኑ፣ ያልተጠቀምንበት ኃይል ከተርባይኑ በላይ ውኃ ሆኖ ይጠብቀናል። ጎተራው ውኃው ነው። ለእኛ ደግሞ ያ ጎተራ በሩቅ አገር ያለ አይደለም፤ ማታ ማታ በዳርቻው እየተንሸራሸርን ነፋስ የምንቀበልበት ጣና ነው።

ጉዳዩን በአኃዝ እንመልከተው። ጢስ ዓባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ማመንጫ ጣቢያ ጠቅላላ አቅሙ 11.4 ሜጋዋት ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ በ1953 ዓ.ም. ለተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ገና በመስፋፋት ላይ ለነበረችው ከተማ የዘመኑ ታላቅ ሥራ ነበር። ዛሬ በአንድ ጊዜ የተሰኩ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል ምጣዶች ያን ጣቢያ ሙሉ በሙሉ ይውጡታል። እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው አካባቢ 73 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጢስ ዓባይ ተጨመረ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋዋት አቅም ያለው ጣና በለስ ተመረቀ። ይህ ጣቢያ የሐይቁን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወስዶ ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል በማውረድ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። በዚህ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ የሚሰጠው ኃይል ሦስት አራተኛ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። አንድ ሰዓት የሠራ ምጣድ እንግዲህ ከአራት ሜትር ኩብ ተኩል በላይ፣ በሌላ አነጋገር ከሃያ በርሜል በላይ የጣና ውኃ ያስወርዳል። እንጀራችን በሊጡ ውስጥ ካለው ውኃ ሌላ ይህንንም ውኃ ጠጥቶ ነው ወደ ማዕዱ የሚቀርበው።

ይህ ተራ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ 14 ሜትር ግድም ቢደርስ ነው። እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ሐይቅ በትንሹ ሲጎድል ዳርቻው በብዙ ይሸሻል። የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ በ1980ዎቹ ማብቂያ ተሠርቶ፣ ሁለተኛው ጢስ ዓባይ ሥራ ሲጀምር መዝጊያዎቹ ተጨመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1995 ዓ.ም.፣ ጣና ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ ወረደ። የዝናቡ ማነስ አንዱ ምክንያት ነበር። ሌላው ምክንያት አገሪቱ በኃይል እጥረት ተጨንቃ ሳለ ለማመንጫዎቹ ከሐይቁ ብዙ ውኃ መለቀቁ ነው። መርከቦች ለወራት መጓዝ አቆሙ። ደንገሉ የበቀለበት ረግረግ ደረቀ፤ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ በዓሣ ማጥመድ የሚተዳደሩት ነገደ ወይጦዎች የጉዳቱ የመጀመሪያ ተቀባዮች ሆኑ። ውኃው የሸሸበትን መሬት የሚያርስም አልጠፋም። ለፋብሪካውና ለምጣዱ የመጣው ኃይል ከታንኳው የተወሰደ ነበር። ፏፏቴውም ከዚያ ወዲህ በበጋ ወራት የቀድሞ ግርማውን አጥቶ በቀጭኑ ሲወርድ የሚያዩት ጎብኚዎች ብቻ ሳይሆኑ፣ በእነሱ የሚተዳደሩት የጢስ ዓባይ ነዋሪዎችም ናቸው።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ተገቢ ይመስለናል። በ2010 ዓ.ም. እምቦጭ ጣናን ወረረ በተባለ ጊዜ ወጣቱ፣ ገበሬውና ሠራተኛው በዘመቻ ወጥቶ አረሙን ከጭቃ ውስጥ በእጁ ነቅሏል። ያ የሚያኮራ ተግባር ነው። በዓይናችን ለምናየው አረም ይህን ያህል ስንነሣ፣ በማናየው ሽቦ በኩል ከዚያው ሐይቅ ስለምንቀዳው ውኃ አንድም ቀን ስብሰባ አልጠራንም።

ከአካባቢያችን ወደ መላ አገሪቱ ስንመጣ የቅርቡን እናስታውስ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ ውኃ በመጉደሉ 476 ሜጋዋት እጥረት መከሠቱን የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስቴር አስታወቀ። ለሱዳን የሚሸጠው ኃይል ተቋረጠ፣ ለጂቡቲ የሚላከው ተቀነሰ፤ በአገር ውስጥም ኃይል በፈረቃ ተደለደለ። የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ የፈረቃው ተካፋዮች ሆኑ። ፈረቃ ማለት የሰዓት ድልድል ነው። ድልድሉን ግን የወሰነው ነዋሪው ሳይሆን መቁረጫው ነበር። አብሲት የተጣለለት ሊጥ ፈረቃን አያውቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ካልተጋገረ ይኮመጥጣል። በዚያ ሰሞን የተደፋውን ሊጥ የቆጠረ የለም እንጂ ቢቆጠር ከእጥረቱ ኪሣራ ጋር የሚደመር ነበር።

«ይህ ሁሉ ያለፈ ነው፤ አሁን የህዳሴው ግድብ አለልን» የሚሉ ወገኖች አሉ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ፣ ሕዝቡ ከደመወዙና ከመቀነቱ ፈትቶ ቦንድ የገዛለትና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ታላቅነቱን የሚክድ አይኖርም። ነገር ግን ከግድቡ እስከ ምጣዱ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ጉባ ላይ የተመነጨው ኃይል ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ወይም ፋሲሎ የሚገኝ አንድ ግቢ ዘንድ ለመድረስ በሰፈሩ ትራንስፎርመር ማለፍ አለበት። 200 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር በወረቀት ላይ የሚችለው ሃምሳ ሰባት ምጣድ ነው፤ ከዚያ በላይ አንድም ምጣድ፣ አንድም ምድጃ ሊጨመርበት አይገባም። የህዳሴው ግድብ ሞልቶ ቢፈስ ይህ ቁጥር አይለወጥም። ምሽት ላይ ምጣዱ አልግል ብሎ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ የቀረበት ሰው የዚህን ነገር ምንነት ያውቀዋል፤ ውኃ አልጎደለም፣ ሽቦው ግን ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። በሽቦው የሚያልፈው ፍሰት እጥፍ ሲሆን በሙቀት የሚባክነው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ያው ምጣድ፣ ያው ሊጥ ሆኖ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይልቅ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሲጋገር ከጣና የሚወርደው ውኃ በመጠኑ ያንሳል።

ደግሞም አዲስ ሸማች እየመጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በከተሞቻችን የኤሌክትሪክ መኪና ቁጥር ጨምሯል። በመኖሪያ ቤት የሚተከል የመኪና መሙያ 7 ኪሎዋት ያህል የሚወስድ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሁለት ምጣድ ያህል ነው፤ እንደ ምጣድም በሰዓት ተኩል የሚነቀል አይደለም። ባለ መኪናው ማታ ቤቱ እንደ ገባ ከሰካው ጎረቤቱ ይጨልማል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ከሰካው ግን ማንም ሳይጎዳ መኪናው ሞልቶ ያድራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሸማች ሰዓት መለወጥ አንዳች መሥዋዕትነት አይጠይቅም።

የምጣዱ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ እውነተኛው ቅራኔም ያለው እዚህ ላይ ነው። «ምጣዳችሁን ቀን ቀን ጣዱ» ብሎ መመሪያ መስጠት ቀላል ነው። ጥያቄው ቀን ቀን ቤት ያለው ማነው የሚል ነው። በፋብሪካ ፈረቃ የምትሠራ ሴት ወዝ አደር ማለዳ ወጥታ ማታ ትገባለች። ሊጡን ያቦካችው ከእንቅልፏ ቀንሳ ነው፤ የምትጋግረውም ከዕረፍቷ ቀንሳ ነው። ምሽት መጋገሯ የግንዛቤ ጉድለት አይደለም፤ ሌላ ሰዓት የላትም። ተከራይ ከሆነች ደግሞ ቆጣሪው የአከራዩ ነው፤ አከራዩ በፈቀደላት ቀንና ሰዓት እንጂ በወደደችው ጊዜ ምጣድ መሰካት አትችልም። በአንዳንድ ግቢ ጭራሽ ምጣድ የተከለከለ ነው። ከዚህች ሴት ትይዩ የቤት ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያስጋግር፣ ሁለት ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ማሞቂያና የልብስ ማጠቢያ ያለው ቤተሰብ አለ። የዚህ ቤተሰብ ሰዓት እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ሲሆን፣ ስለ ኃይል ቁጠባ በሚነገርበት ጊዜ ግን ሁለቱም እኩል ይመከራሉ። እኩል ያልሆኑትን በእኩል መምከር ፍትሕ አይደለም። ገንዘብ የከፈልኩበት ነውና በፈለግሁት ሰዓት እጠቀማለሁ የሚለው የንዑስ ከበርቴ አመለካከትም መልስ ሊሰጠው የሚገባ እዚሁ ላይ ነው፤ የተከፈለው ለተወሰደው ኃይል እንጂ ለጎረቤት ትራንስፎርመር መቃጠል አይደለምና።

በእኛ አስተያየት ተራ የመልቀቁ ግዴታ መጀመር ያለበት ከላይ ነው። በዳርቻው የተሰለፉት ሆቴሎችና መዝናኛዎች ውኃ ማሞቂያቸውንና የልብስ ማጠቢያቸውን፣ ባለ መኪናዎች መሙያቸውን፣ የቤት ሠራተኛ ያላቸው ቤቶች ምጣዳቸውን ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ካለው ጊዜ ያውጡ። ይህ ሲሆን ለወዝ አደሯ ምጣድ በምሽቱ ቦታ ይገኛል። ከዚያ ቀጥሎ የግቢና የሰፈር ተራ ይመጣል። ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስለሚጋግር፣ ሃምሳ ቤት ሁሉ በአንድ ምሽት የሚገናኝበት ምክንያት ልማድ እንጂ ሌላ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ረፋድ ለሠራተኛ ቤተሰቦች ቢመደብ፣ የሳምንቱ ሌሎች ቀናት ለየግቢው ቢከፋፈሉ የሰፈሩ ጭነት በግማሽ የሚቀንስበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች በጋለ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩ ደግሞ ምጣዱን እንደገና ለማጋል የሚጠፋው ኃይል ይተርፋል። እናቶቻችን በእንጨት ምጣድ ዘመን እሳቱ ሳይጠፋ ጎረቤት ይጠሩ ነበር፤ ያን ልማድ ያስተዋቸው ማብሪያና ማጥፊያው ነው። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ የተደራጁ ሴቶችም አሉ። እነሱ ቀን ቀን ስለሚሠሩ ከእነሱ መግዛት አቅም ለፈቀደለት ሠራተኛ የሰዓቱንም የጉልበቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ ለሁሉም ደመወዝ የሚበቃ መፍትሔ ግን አይደለም።

እንዲህ ያለ ተራ በሕዝብ ተሳትፎ ሊሠራ እንደሚችል የሚያስረዳ ምሳሌ ከውጭም አለ። እንደ እኛ አብዛኛውን ኃይሏን ከውኃ ታገኝ የነበረችው ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2001 ግድቦቿ በድርቅ ጎደሉባት። መንግሥት መስመር በየተራ ከመቁረጥ ይልቅ፣ ከተወሰነ መጠን በላይ የሚጠቀም ቤት ሁሉ ከቀድሞ ፍጆታው 20 በመቶ እንዲቀንስ ኮታ ሰጠ። ከኮታው በታች የተጠቀመ ተሸለመ፤ ያለፈ ተቀጣ። በጥቂቱ የሚጠቀሙት ድሆች እንዲቀንሱ አልተገደዱም። ሕዝቡ ማሽኑን እየነቀለ፣ ማቀዝቀዣውን እያጠፋ እስከሚቀጥለው ዓመት የካቲት ድረስ ያን ያህል ቀነሰ፤ የተፈራው ጨለማም አልመጣም። ልብ ሊባል የሚገባው ኮታው ግልጽ መሆኑና ሁሉም የራሱን ቁጥር ማወቁ ነው።

የእኛም ታሪክ ከተራ ጋር የማይተዋወቅ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተመሠረቱት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በኅብረት ሱቆቻቸው ስኳርና ሳሙና በራሽን ሲያድሉ ማን ስንት ኪሎ እንደሚደርሰው በመዝገብ ያውቁ ነበር። ያ ተራ ግን ብዙውን ጊዜ በፍርሃት የተጠበቀ ስለነበረ ከፍርሃቱ ጋር አብሮ ሄደ። በዚህ በኩል እድሮቻችን የተሻሉ አስተማሪዎች ናቸው። የድንኳንና የወንበር ተራ፣ የሐዘን ቤት የእንጀራ መዋጮ ያለ ዘበኛ ሲጠበቅ ኖሯል፤ ዛሬም ይጠበቃል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነዋሪዎች ማኅበራትም ለውኃ ፓምፕና ለጥበቃ ያወጡት ደንብ አለ። የምጣድ ተራ ለእነዚህ ማኅበራት እንግዳ ሥራ አይሆንም።

ሆኖም ማኅበራት ብቻቸውን የሚፈጽሙት ጉዳይ አይደለም። ነዋሪው ሰዓቱን እንዲለውጥ የሚጠየቅ ከሆነ በለውጡ ማግኘት አለበት። የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን የሚለያየው በወር በተወሰደው መጠን ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የጋገረችና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ የጋገረች ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍሉት አንድ ነው። ሰዓትን የሚለይ ቆጣሪ በሌለበት ይህን በአንድ ቀን መለወጥ አይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን በሰፈር ደረጃ መለካት ይቻላል። በትራንስፎርመሩ ላይ የምሽቱ ጭነት ስንት እንደደረሰ ለሰፈሩ ማኅበር በየወሩ ይነገረው፤ ጭነቱን የቀነሰ ሰፈር የሚቀነስለት ክፍያ ወይም ቅድሚያ የሚያገኝበት ጥገና ይኑር። ቀድሞ የታወቀ የጥገና መቋረጥም በሰዓቱ ተለይቶ ይገለጽ። ኃይሉ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሳይነገር የሚቋረጥ ከሆነ «ቀን ጋግሩ» የሚለው ምክር ሊጥ ያስደፋል፤ አንድ ጊዜ ሊጥ የደፋች ሴት ደግሞ ዳግመኛ ምክር አትሰማም፤ ልትሰማም አይገባትም። ተከራዮችም በአከራዩ ቆጣሪ ላይ ያላቸው መብት በጽሑፍ ሊታወቅ ይገባል።

ይህን ስንል ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን እውነታ አንዘንጋ። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰው ነው። ከጣና በለስ ወደ ባሕር ዳር በሚመጣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር ሥር ከብቱን የሚጠብቀው የገበሬ ልጅ ማታ የሚያጠናው በኩራዝ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰፈር የተቃጠለን ትራንስፎርመር ለመተካት የሚወጣው ገንዘብ ለዚያ ልጅ ቀበሌ ሊደርስ ከሚችለው ላይ የሚቀነስ ነው።

እንግዲህ ማኅበራቱ በሚቀጥለው ስብሰባቸው የምጣድ ሰዓትን በአጀንዳ ይያዙ። በውይይቱ ሊቀመንበሮች ከመናገራቸው በፊት የሚጋግሩት ይናገሩ፤ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ቀን፣ ከሥራ ስንት ሰዓት ገብተው እንደሚጋግሩ ይመዝገብ። የመጀመሪያውን የተራ ሰሌዳ የሚጽፉትም እነሱ ይሁኑ። ሰኞ ለየትኛው ግቢ፣ ሐሙስ ለየትኛው እንደሚሻል ከማንኛውም ቢሮ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።